ወደ ቀኝ የሚወጣው መሰላል

ከባለቤቴ ከይመር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የገመድ መሰላል መፍታት ነበር።

እሱ ከሱቃችን ደጃፍ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የመሰላሉ አንድ ጫፍ ጉልበቱ ላይ ነው። ሌላውን ጫፍ እኔ ይዤ ከክር መደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጠው በማስቲሽ የተጣበቁትን ደረጃዎች በማንኪያ እጀታ እየፈለቀቅን ከገመዱ እናላቅቃቸዋለን። ማስቲሹ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንድ ደረጃ በለቀቀለት ቁጥር ወደ ሳህኑ ወርወር ያደርግና “ቀጥይ” ይለኛል። እኔም አንዱን አላቅቄ “ያዝ” እለዋለሁ። በውጭ ተሸካሚዎች “መንገድ፣ መንገድ” እያሉ ያልፋሉ።

ጥቁር ክር ልትገዛ የመጣች ልብስ ሰፊ ደንበኛችን መሰላሉን ተሻግራ ገባችና ቆማ አየችን።

“ምነው ዶክተር፣ ምን እየፈቱ ነው?”

“ስህተቴን።”

“የእኔም ባል ይህን ሥራ በለመደልኝ” አለችና ክሯን ይዛ ወጣች። ይመር ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲያልፍለት ማንኪያውን መልሶ አነሣ። ያን ቀን መሰላሉን ፈትተን ጨረስን። በማግስቱ ከአልጋው መነሣት አቃተው፤ ከዚያ በኋላም አልተነሣም።

እሱን ለማያውቁት ሰዎች ይመር ማን እንደነበር ልጻፍ ብዬ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሱቁ ጭር ሲልልኝ ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ እተወዋለሁ። ስለዚህ አካሄዴ ቀስ ያለ ነው።

ይመር የሐኪም ዶክተር አልነበረም። የሰፈራችን ሰው ይህን እስከ መጨረሻው አልተቀበለውም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ባዮኬሚስትሪ ነበር። መርካቶ ውስጥ ግን ዶክተር ከተባልክ ዶክተር ነህ። በርበሬና ቅመም የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ጉልበታቸውን ባመማቸው ቁጥር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እሱ ፊት ይቀመጡ ነበር።

“እትዬ፣ እኔ የክር ዶክተር ነኝ አላልኩዎትም?” ይላቸዋል።

“ታዲያ ጅማት ክር አይደለም እንዴ?” ይሉታል እሳቸው።

ይመር ይስቅና ክንዳቸውን ይዞ ጤና ጣቢያ ድረስ ያደርሳቸዋል፤ ወረፋ ይጠብቃል፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ወረቀት አንብቦ ያስረዳቸዋል። እሳቸውም ለሰፈሩ “ዶክተር ይመር አዳነኝ” ብለው ያወራሉ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብላ ባለችው በዚህች ሱቅ ክርና ቁልፍ ሲሸጥ ኖሯል። ይመር ወጣት መምህር ሳለ ለተማሪዎቹ ማሳያ የሚሆን ክር ሊገዛ መጣ። አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ጠየቀ። ከዚያ መደርደሪያውን በሙሉ ማውረድ ጀመረ። እያንዳንዱን ክር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሻል፤ ጫፉን ፈታ አድርጎ ያያል፤ ወደ ብርሃን ያነሣዋል።

“ይህኛው ወደ የት ነው የሚዞረው?” ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴ ከመዝጊያው ጥግ ሆኖ “ይህ ሰውዬ ክሩን ሊገዛው ነው ወይስ ሊያገባው?” አለ።

ይመር በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሌላውም ሳምንት መጣ። ሊያገባ የፈለገው ክሩን አለመሆኑን አባቴ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

ከተጋባን በኋላ ሥራውን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ሳይንስ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ግን ይህ ይበቃል አለ። ባንኮኒው ላይ ክር ዘረጋ።

“ሰውነትሽ ከሴሎች የተሠራ ነው። አንዷ ሴል በዓይን አትታይም። በውስጧ ያለው ዲኤንኤ የተባለው ክር ግን ተፈትቶ ቢዘረጋ ካንቺ ቁመት ይበልጣል።”

“ያን ሁሉ እንዴት አድርጋ ትይዘዋለች?”

መደርደሪያውን በአገጩ አሳየኝ። “አንቺስ ይህን ሁሉ እንዴት ያዝሽው?”

ገባኝ። ጠቅልዬ ነዋ። እኔ በካርቶን ቀፎ ላይ ነው የምጠቀልለው፤ ሴል ደግሞ ስምንት ሆነው በተጣበቁ ፕሮቲኖች ላይ ትጠቀልላለች። ክሩ በፕሮቲኑ ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይወጣና ወደሚቀጥለው ቀፎ ይሄዳል። እንዲህ ከክርና ከቀፎ የተሠራችውን አንዷን ጥቅል ኑክሊዮሶም ይሏታል። ይመር ዕድሜውን የፈጀው በዚህች ጥቅል ላይ ነው።

ጥያቄው አንድ ነበር። መድኃኒት የምንለው ትንሽ ሞለኪውል ዓይን የለውም፤ አድራሻ አያነብም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ክር ውስጥ የራሱን ቦታ በምን ያውቀዋል?

“በመዳሰስ ነው” ይል ነበር። ዲኤንኤ የተጠማዘዘ መሰላል ይመስላል። ሁለቱ ገመዶች ሲጠማዘዙ በመካከላቸው አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቦይ ይፈጠራል። እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠ ትንሽ ሞለኪውል በጠባቡ ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ ወለሉን ይዳስሳል። ወለሉ በየቦታው ይለያያል። ከሆዱ ጋር የሚገጥም ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይተኛል። ማወቅ ማለት ለእሱ መግጠም ነው።

“ታዲያ አለቀ አይደል?” አልኩት።

“አላለቀም። ይህ የሚሆነው በተዘረጋ፣ በራቁት ክር ላይ ነው። ሴል ውስጥ ራቁት ክር ብዙም አይገኝም። መሰላሉ በቀፎው ላይ ሲጠመጠም ጠባቡ ቦይ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ቀፎው ይዞራል። ቦታው ያው ቦታ ነው። የቤቱ ቁጥር ልክ ነው፤ በሩ ግን ወደ ግድግዳ ዞሯል።”

ዕለቱ ዓርብ ነበር። የጁምዓ ሰጋጆች ሰልፍ መንገዱን ሞልቶ ከሱቃችን ደረጃ ደርሷል። ይመር ሊሰግድ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ አሳየኝ። “አሁን አንድ ሰው ክር ፈልጎ ቢመጣ ሱቅሽን ያውቀዋል፤ ግን መድረስ አይችልም። ከሰልፉ ዳር ዳር ያሉት ፈቀቅ ሲሉ ብቻ ሾልኮ ይገባል። ጥቅሏም እንደዚሁ ናት። ጫፍና ጫፏ አልፎ አልፎ ይላላል፤ ያኔ ነው የሚገባው።”

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይህን ሲያወራ ሁለት መዳፎቹን ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሞ ደረቱ ፊት ይይዛቸዋል። ክሩ ሲዘረጋ እጅግ የተራራቁ ሁለት ቦታዎች ሲጠቀለል ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ቦያቸውም ይገጣጠማል። ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ቢሠራ በአንድ እጁ የአንዱን ዙር፣ በሌላው የሌላውን ዙር ይይዛል። እንዲህ ያለው መያዣ በራቁት ክር ላይ ፈጽሞ የለም። መጠቅለሉ ራሱ የፈጠረው ቦታ ነው።

“እኔ ከወሎ ገጠር፣ አንቺ ከመርካቶ” ይለኝ ነበር መዳፎቹን እንዳጋጠመ። ከዚህ ያለፈ የፍቅር ንግግር ከእሱ አልሰማሁም፤ አልጎደለብኝም።

ተማሪዎቹ ይፈሩት ነበር። “ራቁት ክር ላይ ያያችሁትን ጥቅል ላይ ሳታዩ አትመኑ” የሚለውን አነጋገሩን እያስመሰሉ ይሳለቁበታል። ሰላም የምትባል ጎበዝ ተማሪ ነበረችው። ለመመረቂያዋ የሠራችው ሞለኪውል በራቁት ዲኤንኤ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀላት። ጽሑፏን ጠርዛ ልታስረክብ ስትል ይመር መለሳት። በጥቅሉ ላይ ድገሚው አላት። ያን ዕለት እሱን ልትለምን ሱቃችን መጣች፤ አልነበረም። ሻይ አስመጣሁላት። ከክር ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

“እትዬ ዘይነባ፣ ይህ ሰውዬ እቤትም እንዲህ ነው?”

“እቤት ይብሳል” አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። ሄዳ ደገመችው። ሞለኪውሏ ከነበረው ብዙ ቦታ በጥቂቱ ብቻ ገባ፤ እነዚያም በሩ ወደ ውጭ የዞረባቸው ነበሩ። ያ ጥቂቱ ነው ሥራዋን ሥራ ያደረገው። ዛሬ ሰላም ራሷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

ከዚያ ይመር ታመመ። ካንሰር ነው ተባለ። በደም ሥሩ የሚገባው መድኃኒት እንደ ሮማን ጭማቂ ቀይ ነበር። ነርሷ ስትሰቅልለት የመድኃኒቱን ስም አንብቦ ወደ እኔ ዞረ።

“ይህን አውቀዋለሁ። ትምህርት ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ መሰለሽ። በመሰላሉ ደረጃዎች መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል። አንዳንዴም ክሩን ከቀፎው ያላቅቀዋል።”

“ክፉውን ሴል ከደጉ ይለያል?”

“አይለይም። ክራቸውን እየፈቱ ለመባዛት የሚሯሯጡትን የበለጠ ይጎዳል እንጂ አያውቃቸውም።” ጠብታውን ለጥቂት ጊዜ አየ። “የምንለፋው ለዚህ ነው። አውቆ የሚገባ እንዲገኝ።”

ፀጉሩ ረገፈ። እትዬ ተዋበች “ምን ዓይነት ዶክተር ነው ራሱን የማያድን” ብለው ለጎረቤት አወሩ፤ ከዚያ በየቀኑ የአጃ ሾርባ እየሠሩ ያመጡለት ጀመር። ይመር ሾርባውን ጠጥቶ “እትዬ አዳኑኝ” ይላቸዋል።

ሕክምናው መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ሐሳብ ያዘው። በሚቀጥለው መንፈቅ ስለ ኑክሊዮሶም የሚያስተምረውን ትምህርት በእጅ በሚዳሰስ ነገር ማስተማር አለብኝ አለ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሊጠይቀው ሲመጣ “አትድከም፣ ጥሩ ቪዲዮ አለን እኮ” አለው።

“ቪዲዮ ላይ ሞለኪውሉ ሁልጊዜ ይገባል” አለ ይመር። “ሽቦ ግን ቦታው ካልሆነ አልገባም ይላል። ተማሪዎቼ ያን እምቢታ በእጃቸው እንዲያውቁት ነው የምፈልገው።”

ለዚህ ሥራ የመረጠው ሽኩርን ነው። ሽኩር ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ጎማ፣ ከበርሜልና ከማዳበሪያ ጆንያ የማይሠራው ዕቃ የለም። ቀልደኛ ነው፤ አፉና እጁ አብረው ነው የሚሠሩት። ይመር ሥዕሉን ሲዘረጋለት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማው።

“ገባኝ፣ ዶክተር። ለጉንዳን መሰላል ነው የሚያሠሩኝ።”

“ከጉንዳን ላነሰ ነው።”

“ታዲያ ይህን ያህል ማርዘሙ ለምን አስፈለገ?”

“ለአንተ ዓይን ብዬ ነው።”

አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ወፍራም ገመድ፣ በመካከላቸው ከጎማ የተቆረጡ ደረጃዎች። ደረጃዎቹ ወደ አንድ ወገን ጎበጥ ያሉ በመሆናቸው መሰላሉ ሲጠማዘዝ አንዱ ቦይ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል። ለቀፎው ከሱቄ ስምንት ባዶ የክር ቀፎዎች ሰጠሁ። ሞለኪውሎቹን ይመር ራሱ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራቸው። አንደኛዋ የጥፍር ቁራጭ መሳይ ናት። ሌላኛዋ ሁለቱ እጆቿ በአጭር ሰንሰለት የተያያዙ ናት። በፒንሳ ሲያጎብጣቸው ሰነበተ።

ሽኩር መሰላሉን ምሰሶ ላይ አስሮ እጀታ ባለው መንጠቆ አጠማዞ፣ ደረጃዎቹን በማስቲሽ አጥብቆ፣ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። ሱቁ ወለል ላይ ዘረጋነው። ያምር ነበር። ይመር ጎንበስ ብሎ ትንሿን ሽቦ በጠባቡ ቦይ ውስጥ አስቀመጣት። አንዱ ጫፏ ገባ፤ ሌላው ተነሥቶ ቆመ። አገላበጣት። ያኛው ሲገባ ይህኛው ተነሣ። የቀኝ እግር ጫማ በግራ እግር እንደማጥለቅ ነበር።

ሽቦዋን አነሣና ቀና አለ።

“ዘይነባ፣ ነጭ የስፌት ክርና አጉሊ መነጽሬን አቀብይኝ።”

አቀበልኩት። ክሩን አየ፤ መሰላሉን አየ፤ መነጽሩን ለእኔ ሰጠኝ። በክሩ ላይ ያለው ጥምዝ ከታች ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቀኝ ይወጣል። በመሰላሉ ላይ ያለው ደግሞ ከታች ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይወጣል።

“እንዲህ ያለ ክር አንድ ጊዜ ገብቶብን ነበር” አልኩ። “ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ መለሱት። ማሽኑ ላይ ይፈታባቸዋል።”

“እኛም እንመልሰዋለን” አለ ይመር።

ሽኩር አልተዋጠለትም። “ቆይ እስቲ። ገልብጠን ብንይዘውስ?” መሰላሉን አዙሮ ጫፉን በጫፍ ተካ። ያው ነበር።

“ግራ ከየትኛውም ጫፍ ቢያዩት ግራ ነው” አለው ይመር።

“ዶክተር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ይህን አይለየውም።”

“ከፊት የተቀመጠው ይለየዋል።”

“እንግዲያው ሽቦዋን ትንሽ ቆልመም እናድርጋትና ትግባ። አንዲት ሽቦ ናት።”

ይመር ሽቦዋን በጣቶቹ መካከል አሻት፤ ድሮ በአባቴ ሱቅ ክሩን ያሽ እንደነበረው። “ሽኩር፣ መድኃኒቱን ለተሳሳተ መሰላል ካስተካከልነው ማንን ነው የሚያድነው?”

ይመር ቀጠለ። “ጥፋቱ ያንተ አይደለም። መሰላሉ በቀፎው ላይ ሲጠመጠም ወደ ግራ እየዞረ እንደሚወርድ ደጋግሜ ነገርኩህ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እሱን ነውና። መሰላሉ ራሱ ወደ ቀኝ እንደሚጠማዘዝ ግን ሳልነግርህ ቀረሁ። ከባዱን ስጠብቅ ቀላሉ አመለጠኝ።”

ደረጃዎቹ ሁሉ ለግራ ጥምዝ ተቆርጠው፣ ለግራ ጥምዝ ተጣብቀው ነበር። ደረጃ በደረጃ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ሽኩር ሲሄድ ይመርን “ጉልበት የለህም እኮ” አልኩት።

“ለመሥራት የሚሆን የለኝም። ለመፍታት የሚሆን አለኝ።”

ይኸው ነው አብረን የፈታነው።

በሞተ ዕለት ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በፊት ቀበርነው፤ አላህ ይዘንለት። ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛና ሲቀንስ ሽኩር በየቀኑ እየመጣ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። አይቀልድም። አንድ ቀን ሊሄድ ሲነሣ “እትዬ ዘይነባ፣ ያ መሰላል ተፈትቶ ቀረ” አለኝ።

“ተፈትቶ አይቀርም” አልኩት።

መንፈቁ ሊጀመር ጥቂት ነበር የቀረው። ትምህርቱን የያዘችው ሰላም ነበረች። ስልክ ደውላ “እትዬ፣ አይጨነቁ፣ በቪዲዮ አስተምራለሁ፤ ዶክተርም ቢኖር ችግሬን ይረዳልኝ ነበር” አለችኝ።

“ይመር አይረዳልሽም ነበር። ታውቂዋለሽ” አልኳት። “እሺ” አለች።

ቀዩንና አረንጓዴውን ገመድ፣ በሳህን ያጠራቀምናቸውን ደረጃዎችና ሽቦዎቹን ይዤ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። በየአቅጣጫው ቆርቆሮና በርሜል ይቀጠቀጣል፤ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልጋል። ሽኩር ደረጃዎቹን ለቀኝ ጥምዝ እንዲሆኑ አስተካክሎ ቆረጣቸው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አሰረ፤ ሌላውን በመንጠቆው እጀታ ያዘና ማዞር ጀመረ። ወሬውንም ጀመረ። ለካ ሽኩር ወሬ ሲይዝ እጁ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ከአባቱ የተማረው እጀታውን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር ነው፤ እንዲህ የተዞረ ሁሉ ግራ ይወጣል። ቀና ብለን ስናይ መሰላሉ ወደ ግራ ወጥቷል።

“ቆይ፣ ዘዴ አለኝ” አለ። ጥምዙን ፈትቶ መንጠቆውን ነቀለና ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። “ከዚህ ወገን ካዞርኩት መገልበጡ አይቀርም።”

አዞረ። እንደ ልማዱ፣ እንደ ሰዓቱ። ያው ግራ ወጣ።

ሽኩር ቁጭ ብሎ መሰላሉን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። “ሰውዬው ሞቶም ልክ ነው” አለ።

“ተነሥ” አልኩት። “አንተ ያዝ። እኔ አዞራለሁ።”

እጀታውን ያዝኩና ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ማዞር ጀመርኩ። ገመዱ ወፍራም ነው፤ መዳፍ ይልጣል። በየዙሩ ሽኩር ወደፊት እየተጎተተ ተረከዙን መሬት ይተክላል። ከማዶ በርሜል የሚቀጠቅጥ ጎረቤቱ አይቶን መዶሻውን አሳረፈ።

“ሽኩር፣ ሴትዮዋ ቀጠረችህ እንዴ?”

“አዎ፣ ያዥ ነኝ።”

“ምን ትከፍልሃለች?”

“ዝም ታሰኘኛለች።”

ደረጃዎቹን በማስቲሽ አጣብቀን እስኪደርቅ ጠበቅን። ትንሿን ሽቦ ከቦርሳዬ አወጣሁና በጠባቡ ቦይ አፍ ላይ አስቀመጥኳት። አልገፋኋትም። ከቦዩ ጋር አብራ እየተጠማዘዘች ወለሉ ላይ ተኛች። በጣቴ ነካኋት፤ አንዱም ጫፏ አልተነሣም። ይመር ይህን አለማየቱ ቆጨኝ። ቢቆጨኝም ሥራው ገና አላለቀም ነበር።

ስምንቱን የክር ቀፎዎች አንድ ላይ አስረን መሰላሉን ጠመጠምንባቸው፤ ወደ ግራ እየወረደ፣ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እስኪወጣ። እውነትም የሁለቱ ዙሮች ቦዮች ጎን ለጎን መጥተው ገጠሙ። ባለ ሁለት እጇን ሽቦ ሽኩር እንዲያስቀምጣት ሰጠሁት። አንዱ እጇ ከላይኛው ዙር፣ ሌላው ከታችኛው ዙር ቦይ ገባ። ጥቅሉን አንሥቶ ነቀነቀው። አልተፈታም።

“ይህቺ ጥሩ መያዣ ናት” አለ ሽኩር።

የትምህርቱ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሰላም ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ሽቦዋን ለአንዲት ተማሪ ሰጠቻት። “ቦታዋን ፈልጊላት።” ልጅቷ የመጀመሪያውን ቦይ ሞከረች፤ ወደ ቀፎው የዞረ ነበር። ገፋች። ወደ ጎን ሞከረች። ጓደኞቿ ሳቁ።

“አልገባም ይላል” አለች ልጅቷ።

ሰላም ቀና ብላ ወደ እኔ አየችና ዓይኗን መለሰች። “አዎ፣ ይላል” አለች። “ታዲያ የት ይገባል?”

ልጅቷ ማየቱን ትታ በጣቷ ጥቅሉን ትዳስስ ጀመር። ሌሎቹም ከወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት። ጣቷ ወደ ውጭ በዞረ ቦይ ላይ ቆመ። ከዚያ ሽቦዋ ገባች።

እትዬ ተዋበች አሁንም ለጉልበታቸው ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ጤና ጣቢያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ሱቁን እከፍታለሁ፤ ክር እሸጣለሁ። መሰላሉን ብዙ እጅ ስለሚነካው ይላላል። ሲላላ ሰላም ታመጣልኛለች፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ። ሽኩር ይይዛል። እኔ እጀታውን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ አዞራለሁ።